እፍ ያልኩበት ማብሪያ ማጥፊያ

ከሚሴን የለቀቅሁበት ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጅዳ የምሄድ መስሎት ይመክረኛል። ከኛ ሰፈር የወጣ ሰው ጅዳ ነው የሚሄደው፣ ጀርመን ማን አለው? አባቴ፣ "ማብሪያ ማጥፊያ ሊማር ነው" ብሎ አስረዳቸው። "አምስት ዓመት?" አሉት። "በደንብ ሊማር ነዋ!" አላቸው። ሱብሂ ተሰግዶ ሚኒባሱ ሲመጣ "ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ" አለኝና ፊቱን አዞረ። እናቴ እያለቀሰች እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ።

አባቴ አልዋሸም። ማብሪያ ማጥፊያው ግን በዓይን አይታይም። ግራፊን የሚሉት ነገር አለ፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ተልጦ ተልጦ ከዚያ በላይ መሳሳት ሲያቅተው የሚቀረው አንዱ ንጣፍ ነው። እሱን ከብረት በላይ እንደ ድንኳን ወጥረን ኤሌክትሪክ ስንሰጠው ዝቅ ብሎ ብረቱን ይነካል፤ በራ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን ስንነሳው ተመልሶ መነሳት አለበት። የኔው ይወርዳል እንጂ አይነሳም። አራት ዓመት ሙሉ እየተጣበቀ አቃጠለኝ። ብርዱንስ ተዉት፤ በሰኔ፣ በበጋቸው፣ ጃኬት ደርቤ፣ የከሚሴን ሙቀት ሳማርር የነበርኩትን ሰውዬ ታዘብኩት።

የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

"የሚሠሩት ምንድን ነው?"

"ማብሪያ ማጥፊያ።"

"ይሠራል?"

"ይበራል። አይጠፋም።"

"እንግዲያው ግማሹ ሠርቷል" ብላ የግማሽ ዓመት ወረቀት ሰጠችኝ። በዚህ ወረቀት ከአገር ከወጡ መመለስ የለም። ሙሉው የሚሰጠው የሚያሠራኝ ፕሮፌሰር "ሥራው ደርሷል" ብሎ ሲጽፍ ነው። እኔ ደግሞ ለእናቴ፣ ለአረፋ በዓል እመጣለሁ ብያታለሁ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሳታየኝ እንዳይጠፋ እፈራለሁ።

አንድ ሐሙስ በራ፣ ጠፋም። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ወሏሂ ይጠፋል! ፕሮፌሰሩ በማግስቱ ሊያየው ተቀጣጠርን። የኛ ሰው መቼም የሚሳሳለትን ነገር እንዲሁ አይተውም፤ ዓይን እንዳይበላው ቁርአን ይቀራበትና እፍ ይባልበታል። ወደ ሣጥኑ ልመልሰው ስል ቁልሁወላሁን ሦስቴ ቀራሁ፤ የላቦራቶሪ ጭምብሌን ዝቅ አደረግሁና እፍ አልኩበት።

በማግስቱ ተጣብቆ ቀረ።

"ምን ነካው?" አለ ፕሮፌሰሩ።

"እርጥበት።"

"ከየት የመጣ?"

"ከኔ። እፍ ብዬበት ነው።"

"አቧራ ነበረበት?"

"የለም፣ ዓይን እንዳይበላው ብዬ ነው።"

ብዙ አሰበና ደብተሩ ላይ "የሰው ትንፋሽ" ብሎ ጻፈ። ዱዓው ምን አጠፋ፣ ጥፋቱ የትንፋሼ እርጥበት ነው፤ ይህን በየትኛው ቋንቋ ላስረዳው? አዲስ መሥራት ወራት ይፈጃል። አረፋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ለእናቴ ደወልኩ።

"እማ፣ ለአረፋ አልደርስም። ዕቃው ተበላሸብኝ።"

"ምን አገኘው?"

"እንዲሁ ተበላሸ" አልኳት። እፍ ማለቱን ከሷ ነው የተማርኩት፤ እንዴት ብዬ ልንገራት?

"አብሽር ልጄ፣ አላህ ያለው ነው። አባትህ ሰንበቴ ገበያ ሄዶ ላንተ ሙክት ገዝቷል። እንረደው ወይስ ይቆይህ?"

እረዱት ብል አልመጣም ማለት ነው። ይቆየኝ ብል፣ እስከ መቼ? እንባዬ መጣ።

"ይቆየኝ" አልኩ።

"እሺ" አለች፤ "እንግዲያው ገመዱን ላርዝምለት።"