ጥርስ የሌለው ጎማ

የሐይቅ ከተማዋ ጎሚስታ ፈዲላ የሰው ፊት አታይም፤ የምታየው ጎማ ነው። ሃያ ዓመት የኢሱዙና የባጃጅ ጎማ ስትፈታ ስትገጥም ኖራ፣ አንድ ቀን አንዳርጋቸው የሚባል የአዲስ አበባ ጎረምሳ መሬት የምትልስ ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ መጣባት። ተከትሎት ከመጣ ሚኒባስ ጣሪያ አራት አዳዲስ ጎማ ከነቸርኬው አስወረደና፣

«እነዚህን ይግጠሙልኝ፣ እትዬ» አላት።

ፈዲላ አንዱን ዳበሰችው። እንደ ሕፃን ድድ ልሙጥ ነው። ቸርኬውም ከመኪናዋ ልክ ሰፍቶ ወደ ውጭ ሊያገጥጥ ነው።

«የኔ ጌታ፣ ይሄ የውድድር ሜዳ ጎማ ነው። ለመንገድ አይፈቀድም፤ ቦሎም አታገኝበትም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ፣ ወላሂ፣ የምትቆመው ሐይቁ ውስጥ ነው!»

«ፋሽን ነው እኮ!»

«እንግዲያ ፋሽኑን ለዓሣው ታሳየዋለህ።»

ተከራክሮ ሲደክመው፣ ከደሴ ባስመጣችለት ጥርሳም ጎማ የድሮ ቸርኬውን አስለበሰ። ሊሄድ ሲል ግን ልሙጦቹን አየና ቸርነት አማረው።

«እነዚህን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ ለበረባሶ ይሆኑዎታል።»

ፈዲላ እግሯን አነሳችና ከኢሱዙ ጎማ የተቆረጠ፣ ጥርሱ ገና ያላለቀ በረባሶዋን አሳየችው።

«ውሰድልኝ! እኛ በእግራችን አንቀልድም።»