አመድማው ቀለም

ቡራዩ ባለው ግቢያችን ሰው ሁሉ የሚስቅባቸውን ዶሮዎች አረባለሁ። ሲልኪ ይባላሉ። ላባቸው ላባ አይመስልም፤ የተነደፈ ጥጥ ነው የሚመስለው። ቆዳቸው ጥቁር፣ የእግራቸው ጣት አምስት ነው፣ መብረርም አያውቁም። “ለወጥ የማይሆን ዶሮ ምን ያደርግልሻል?” ይሉኛል። እኔን የያዘኝ ቀለማቸው ነው።

ቀለም ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ልጅ ሳለሁ ከገበያ ስትመለስ ገና ከበሩ ላይ “ገብስማ ናት!” ወይም “ዛሬ ወሰራ አገኘሁ!” እያለች ትጣራ ነበር። አሁን ዐይኗን ግላኮማ ወስዶባት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ሐኪሙም አይመለስም ብሎናል። ስለዚህ ዛሬ ቀለሙን የምነግራት እኔ ነኝ።

ስመኘው የኖርኩት አመድማ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ገፈርሳ ውሃ ላይ የሚተኛውን ጉም የመሰለ። ስንት ጊዜ ሳዳቅል ከርሜ አንድ አመድማ አውራ ወጣልኝ። እናቴ “ጌታዬ” ትለው ነበር። ግን ጉትያው ዐይኑን ሸፍኖት ስለነበር ጭልፊቱን አላየውም፤ በጠራራ ፀሐይ ወሰደው። ለዶሮ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ከእሱ የቀሩኝ ሰባት እንቁላሎች ነበሩ። የጣለቻቸው ጥቁሯ ዶሮ ናት፤ በእርሳስ ቁጥር ጽፌባቸው እሷው ታቀፈቻቸው። አጠገቧ ባለው ሳጥን ደግሞ ነጯ ባዶ ጭድ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሲልኪ እንዲህ ናት፤ እንቁላል ኖረም አልኖረም ማቀፍ ትወዳለች። አንድ ቀን ጠዋት ለእናቴ “ይቺ ነጭ አስቸገረችኝ፤ እህል እንኳ አትቀምስም” ብዬ አማረርኩና ወደ ሰበታ ሄድኩ።

ሰበታ የሄድኩት አመድማ ዶሮ ያላት ሴት አለች ስለተባልኩ ነው። እውነትም ግቢው መሃል አመድማ ዶሮ ቆማለች፤ ሮጬ ሄድኩ። ሳነሳት እጄ በአመድ ተለወሰ። ለካ የምድጃ አመድ ላይ ስትንከባለል የዋለች ነጭ ኖራለች። ሴትዮዋ እየሳቀች ሻይ ጋበዘችኝ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ደስ ብሏት ተቀምጣለች።

“ገላገልኩሽ! ነጯን በዘንቢል ከትቼ ለጎረቤታችን ሰጠኋት። ሱሉልታ ልጇ ዘንድ እየሄደች ነበር፤ እዚያ ታሳድራታለች።”

በእኛ ዘንድ ማቀፍ አልተው ያለችን ዶሮ ሰው ቤት መውሰድ የቆየ ዘዴ ነው፤ አገሩ ሲለወጥባት ግራ ይገባትና ትተዋለች። ዞር ብዬ ሳይ ግን ነጯ ሳጥኗ ውስጥ ተንሰራፍታለች። የሌለችው ጥቁሯ ናት። ሲዳስሷቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። እናቴ ክንፏን ይዛ ስታነሳት ከሥሯ ያለውን አልዳሰሰችም። ሰባቱን እንቁላሎች ነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል።

“ካላየሽ ለምን ትነኪያለሽ!” ብዬ ጮህኩባት።

ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ያን የተናገርኩበትን አፌን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

በሁለት ታክሲ ሱሉልታ ደረስኩ። የጎረቤታችን ልጅ አማት የሆኑ ሽማግሌ ጥቁሯን ጭናቸው ላይ አድርገው ላባዋን እያሻሹ አገኘኋቸው።

“ኩን ሉኩ ሞ ሆላ?” አሉኝ በኦሮምኛ፤ ዶሮ ናት ወይስ በግ ማለታቸው ነው።

“ዶሮ ናት አባባ። እንቁላሎቿ ቀዝቅዘውባት ነው የመጣሁት።”

“ታዲያ ቤትሽ ሌላ የምታቅፍ ዶሮ የለችም?”

ነጯ! ከእንቁላሎቹ አንድ እርምጃ ርቃ ነበረች። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። መንገዱን ሁሉ ጥቁሯን ታቅፌ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ቤት ስደርስ ሊመሽ ነው። እናቴ ከነጯ ሳጥን አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ እጇ ደረቷ ውስጥ ነው።

“ስድስቱን ሰጥቻታለሁ” አለችኝ። “ቀዝቃዛ እንዳይሆኑባት መጀመሪያ ብብቴ ውስጥ አሞቅኳቸው። ሰባተኛውን ግን መሸፈን አቃታት፤ ትንሽ ናት። ይኸው እኔ ይዤዋለሁ።”

“ስደውልልሽ ለምን አታነሺም?”

“በየትኛው እጄ? ሁለቱም እንቁላል ይዘው ነበር።”

ጉልበቷን ሳምኩ። ጥቁሯን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

ቀኑ ሲደርስ ከሰባቱ ሁለቱ ተፈለፈሉ። የእርሳሱ ቁጥር በእናቴ ገላ ተፍቆ ጠፍቶ ስለነበር የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም። ጫጩቶቹን መዳፏ ላይ አደረግኩላት። በጣቷ ጫፍ የእግራቸውን ጣት ቀስ እያለች ቆጠረች።

“አምስት። ይሄም አምስት። ቀለማቸውስ?”

ሁለቱም እንደ ድስት ቂጥ የጠቆሩ ነበሩ።

“አመድማ ናቸው” አልኳት።

“ትዋሺያለሽ።”

“ጥቁር ናቸው፣ እማ። የአባታቸው አመድማ ግን ውስጣቸው አለ። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ከሆኑ፣ ከልጆቻቸው መሃል ይወጣል።”

“መቼ?”

“ዓመት ይፈጅ ይሆናል።”

እናቴ ጫጩቶቹን ደረቷ ውስጥ ከተተቻቸውና በነጠላዋ ሸፈነቻቸው።

“እንግዲህ ዓመት ልቆያ” አለች። “የወጣ ቀን ግን አጠገብሽ አስቀምጪኝ። ቀለሙንስ አላየውም፤ ስታዪው ድምፅሽን ልስማ።”