ሁለት ላይ የምትስበው ሲስተር

በቁስል ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ዝሆን ተለጥፏል። ከሥሩ «የልጆች ፈገግታ የእኛ ደስታ» ይላል። ከጎኑ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሌላ ወረቀት አለ፦ «ወላጅ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው»። ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲኖሩ አንድም ቀን አልተጣሉም። ግድግዳ ሆደ ሰፊ ነው፤ የለጠፉበትን ሁሉ ይችላል።

ከዚያ በር ኋላ በእሳትና በፈላ ውኃ የተቃጠሉ ልጆችን ፋሻ የምትቀይር ነርስ አለች። ወደ ሙያው የገባችው ሰው ለማዳን ነበር፤ ተመርቃ ስትመጣ ግን ያስረከቧት ወረፋ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ታሪኳ ባጠረ ነበር። የቁስል ማጠቢያው ውኃ እንዳይቀዘቅዝባቸው ጠርሙሱን በጋውኗ ውስጥ ብብቷ ሥር ይዛ ታሞቃለች። ጓንት ነፍታ ዶሮ ትሠራለች። ከዶሮዋ በኋላ ግን ወረንጦውን ታነሳለች፤ ያን ጊዜ «አያምም የኔ ቆንጆ፣ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ» ትላለች። «አንድ...፣ ሁለት» ከማለቷ ቁስሉ ላይ የተጣበቀው ጨርቅ ሞጭ ብሎ እጇ ላይ ነው።

ሦስት የሚባል ቁጥር በዚያ ክፍል ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

ዘዴውን ያስተማረቻት ዋናዋ ነርስ ናት። «ልጅ ለሦስት ሲዘጋጅ ሁለት ላይ ሰውነቱ ልል ነው» ብላ አስረድታታለች። «አፉን ለለቅሶ ሳይከፍት ያልቃል። ውሸት አይደለም፣ ፍጥነት ነው።» እንዲህ ያለ ፍልስፍና ስንት መንግሥት አቁሟል! ሕዝብ እስከ ሦስት ይጠብቃል፤ ሥራው ሁለት ላይ ተጠናቋል። ማስታገሻ ሽሮፕም ይሰጥ ነበር፣ የለም አይባልም። ሽሮፑ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ወረፋው ግን ግማሽ ሰዓት ስላልነበረው ልጆቹ ፋሻቸው ከተነሳ በኋላ፣ ወደ አልጋቸው ሲመለሱ፣ ደህና አድርገው ይደነዝዙ ነበር። የደረቀ ጨርቅም በደንብ ከራሰ ቆዳ ሳይልጥ ይነሳል። መራስም ጊዜ ይፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለ ሰው የቁስል ክፍል ሳይሠራ አልቀረም።

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሴትየዋን «አያምም» ይሏታል። «ዛሬ ተረኛዋ ማናት?» «አያምም ናት።» «ውይ!» እሷ ይህን አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እንግዲህ ሚጡ ተኝታ ልትታከም የመጣችው እዚህ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ገና ያልገባች፣ ግንባረ ሰፊ፣ ስታወራ ትንፋሽ የማትወስድ ልጅ። እናቷ ልብስ ለማስጣት ደጅ ስትወጣ ማንቆርቆሪያውን ስባ የፈላውን ውኃ ቀኝ ክንዷ ላይ አፈሰሰችው። እናት በዝሆኑ በር ላይ ልጇን አስረክባ የልጇን ትንንሽ ጫማዎች ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ለቅሶው ሲመጣ ጫማዎቹን ጭምቅ ታደርጋቸዋለች።

በመጀመሪያው ቀን ሚጡ ሁለት ላይ ተበላች። በማግስቱ «ሁለት» ሳይባል በፊት ሰውነቷን እንደ እንጨት አደረቀች። ነርሷም ሙያተኛ ናትና አንድ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ገና ዝሆኑን ስታይ ትደርቅ ጀመር። ነርሷም ጭራሽ ሳትቆጥር ሳበች። በዚህ ሁኔታ ሁለቱ ሲተናነቁ ከርመው አንድ ቀን ሚጡ ዝም አለች። ወረንጦው ሲመጣ ዓይኗን ጣሪያ ላይ እንደተከለች፣ ትንፍሽ ሳትል፣ ፋሻው ተነሳ፣ ታጠበ፣ ታሰረ።

ደስታ ሆነ። «ጀግና!» አለ ሐኪሙ፣ ግንባሯ ላይ ኮከብ ለጥፎ። «አያችሁ? እንዲህ ነው ጨዋ ልጅ!» አለች ዋናዋ ነርስ ወረፋ ለያዙት አልቃሾች። ለእናትየው «ልጅሽ ተሻሻለች» ተባለላት። ነርሷም ደስ አላት። አዎ፣ ደስ ብሏት ነበር፤ በኋላ ሆዷን የበላት አንዱ ይሄ ነው።

ሚጡ ከዚያ ወዲያ ማንንም አላናገረችም፤ ከምላሷም ቀጥላ ክንዷን አጠፈች። ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው። ሐኪሙ በጣቱ ክርኗን ነካ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። «ቆዳው እየዳነ ነው። እንዲህ እንደታጠፈ ከዳነ ግን እንዲህ እንደታጠፈ ይቀራል። መዘርጋት አለባት፣ ራሷ፣ በየቀኑ። በጉልበት ከጎተትነው አዲሱ ቆዳ ይቀደዳል።»

«እሺ ሚጡዬ፣ ዘርጊ» አለች እናት። ዝም። «ከረሜላ አለ!» ዝም። «ዝርግት ካደረግሽ ቤት ትሄጃለሽ» አለች ዋናዋ ነርስ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ክንዷን የባሰ ጠበቅ አደረገችው። ስንት አንጋፋ ታጋይ ያልዘለቀውን አድማ ይቺ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ያለ መፈክር ያዘችው።

ነርሷ ነገሩን የተረዳችው በጆሮዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀት ልትለካ ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ ከመጋረጃው ኋላ የራሷን ድምፅ ሰማች። ያው ማቆላመጧ፣ ያው ማባበሏ።

«አያምም እሺ የኔ ቆንጆ? እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። አንድ—»

ሞጭ!

«ምን ያስለቅስሻል? አለቀ እኮ! ጨዋ ልጅ አታለቅስም!»

መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ሚጡ በግራ እጇና በጥርሷ አንድ ጫማዋን በቁራጭ ፋሻ ጠቅልላ እያከመች ነው። ለእናቷ ያላወጣችውን ቃል ሁሉ ለጫማው ሰጥታዋለች። እናት በሳቅ ፍርስ ብላለች። «ነይማ ስሚያት ሲስተር! አንቺን ቁርጥ! ስታድግ ነርስ ነው የምትሆነው።»

ነርሷ ልትስቅ ፊቷን አዘጋጀች። ይሄኔ ልጅቷ አየቻት። ጫማውን አፈፍ አድርጋ ከጀርባዋ ደበቀችው። ከሷ ልታድነው።

ሙቀት መለኪያውን እንደያዘች ወጣች። ማንንም አልለካችም። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ወረንጦዎቹን ዳግም ታጥባቸው ጀመር። በእጇ ያለፉትን ልጆች ልታስታውስ ሞከረች፤ አንድም ፊት አልመጣላትም። የምታስታውሰው ክርንና ጉልበት፣ ትከሻና ተረከዝ ነበር። ያንን ሁሉ ሰው በየብልቱ ነው የምታውቀው።

«እትዬ» አለቻት ዋናዋን ነርስ፣ «ሦስት ላይ ስበሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በሞቴ! ሦስት ላይማ ልጁ ያውቃል።»

«ቢያውቅ ምን ይሆናል?»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምሳ አልበላሽም እንዴ?»

አልበላችም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለሚጡ ሽሮፑን ሰጥታ ተቀመጠች። ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ደሞዝ እየተከፈላት። ጨርቁ ላይ ሞቅ ያለውን ውኃ ቀስ እያለች አፈሰሰችና እስኪርስ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ከፍታ እናትየውን «ግቢ» አለቻት። እናት ቀዩን ወረቀት አየች፣ ነርሷን አየች። «እኔ? ይቆጡኛል እኮ!» «የሚቆጡት እኔን ነው። ግቢ።»

ሚጡ አልጋው ላይ ጣሪያውን እያየች ነው።

«ሚጡ፣ ያማል» አለቻት ነርሷ።

«ውይ ሲስተር!» አለች እናት። «ልጄን አታስፈራሪብኝ እንጂ!»

«ያማል። አያምም ስላት የኖርኩት ዋሽቻት ነው።»

የልጅቷ ዓይን ከጣሪያው ወርዶ ነርሷ ላይ አረፈ።

«ውሸታም» አለች ሚጡ።

እናት «ውይ! በስመ አብ! ይቅርታ ሲስተር፣ እኛ ቤት እንዲህ አልተማረችም—»

«ተያት። እውነቷን ነው።» ነርሷ በወረንጦው የጨርቁን ጫፍ ያዘች። «ዛሬ ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ። ሦስት እስክትዪ እጄ አይነቃነቅም።»

ልጅቷ ወረንጦውን አየች። «አንድ» አለች። እጁ አልተነቃነቀም። «ሁለት።»

እዚያው ቀረች። ሁለት ላይ። እዚያች ስንት ጊዜ የተሰረቀችባት ቦታ ላይ ቆማ የሌባውን እጅ ትጠብቀው ያዘች። ደጅ ያሉት ልጆች ማጉረምረም ጀመሩ። የነርሷ ክንድ ዛለ። ሐኪሙ በሩን ከፈት አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ሲስተር፣ ምን ተፈጠረ? ወረፋው ኮሪደሩን ሞላው እኮ!»

«ሁለት ላይ ነን ዶክተር።»

«ምን ላይ?»

«ሁለት ላይ።»

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና በሩን መልሶ ዘጋው፤ በሥራ ዘመኑ ከሰጣቸው ሕክምናዎች ደህናው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ሚጡ «አንድ» ብላ ተመለሰች። «ሁለት!» አለች ጮክ ብላ፣ ወጥመድ እንደሚዘረጋ ሰው። እጁ ወጥመዱ ውስጥ አልገባም። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ፣ እናቷን በግራ እጇ ጨብጣ፣ «ሦስት» አለች።

ጨርቁ ቀስ እያለ ተነሳ። ሚጡም ጮኸች። የዝሆኑ ጥርስ የሚረግፍ እስኪመስል ጮኸች። ያን ሁሉ ዝም ያለችበትን ቀን ጭምር አንድ ላይ አወጣችው። እናት አብራ አለቀሰች። ነርሷ ግን አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ያን ዕለት ለሷ የሚገባ አልመሰላትም።

ታጥባ ካበቃች በኋላ ማንም ዘርጊ ሳይላት ሚጡ ክርኗን ጣት ያህል ከደረቷ አላቀቀች። «እዚህ ድረስ ብቻ» አለች ኮስተር ብላ።

«እዚህ ድረስ ብቻ።»

ድንበሩ እንዲህ እንዲህ እየተባለ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ገፋ። ዋናዋ ነርስ ቀዩን ወረቀት አድሳ በወፍራሙ ጻፈችው፤ ነርሷም እናቶችን ማስገባቷን ቀጠለች። ወረፋው ረዘመ፤ ስሟም በስብሰባ ላይ «ሥራ የምታጓትት» ተብሎ ተነሳ። ስብሰባው የተጠራው ስለ ሕፃናት ሥቃይ መቀነስ ነበር።

ሚጡ ስትወጣ እናቷ ሹራቧን አለበሰቻት። ቀኝ ክንዷ እጅጌው ውስጥ ገባ፤ ግን መጨረሻው ላይ ክርኗ አልቃና አለ። ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀረ። «ይሄ እንኳ ምንም አይደል» አለ ሐኪሙ። «ካልነገሩት ሰው አያየውም።» እናት መረቀች። ነርሷ ግን ክርኑን ስታየው ቆየች፤ ሚጡ ጨዋ ልጅ ተብላ ስትመሰገን፣ ነርሷ ራሷም ደስ ሲላት፣ ቆዳው በዝምታ የያዘውን ያንን ትንሽ ጉብጠት።

ሚጡ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ ጋ ዞር ብላ፣ ያንኑ ክንዷን የቻለችውን ያህል አንስታ አውለበለበች።

«ቻው አያምም!»

ነርሷ ግራ ተጋብታ እናትየውን አየቻት። እናት ደነገጠች። «እ... ልጆቹ ናቸው ሲስተር። እንደዛ ነው የሚሉሽ። ሁሉም።»

«ሁሉም?»

«ድሮም።»

ልጆች የፈረዱት ይግባኝ የለውም። ነርሷ እጇን አንስታ «ቻው ሚጡ» አለች። ወደ ክፍሉ ተመልሳ የውኃውን ጠርሙስ ብብቷ ሥር አስገባች። አልጋው ላይ ያለው አዲስ ልጅ ከአሁኑ እንደ እንጨት ደርቋል።