ከጀልባዋ ሥር ያየናቸው ኮከቦች

ሶዶ ውስጥ መንገድ ሲጠገን በርሜል ውስጥ የሚፈላው ሬንጅ ይሸተኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ በፍጥነት ያልፋል። እኔ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ከፍቶኝም አይደለም። ሽታው ብቻ ይዞኝ ሁምቦ ውስጥ ወዳለችው ተበላ ከተማ ይሄዳል፤ ወደ ልጅነቴ ግቢ። ግቢው መሐል በአፏ የተደፋች የእንጨት ጀልባ አለች፤ ከሥሯ እኔና የሰፈሩ ልጆች ተጋድመናል።

ተበላን የሚያውቅ ሰው ጀልባ እዚያ ምን ልትሠራ መጣች ሊል ይችላል። ያኔ እኛ ውኃ የምናየው በጋሪ በሚመጣ ቢጫ ጀሪካን ነበር። አባያ ሐይቅ ከኛ ወደ ታች፣ ሙቀቱ ጭራሽ በሚብስበት በኩል ነው። ጀልባዋን ያመጣት አባዬ ነው። አናጢ ነበር፤ በርና መስኮት፣ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር፣ ሲያጋጥምም የሬሳ ሣጥን ይሠራል። ጀልባ ግን ነክቶ አያውቅም።

ያመጣት ለታላቅ ወንድሜ ለማቴዎስ ብሎ ነው። በዚያ ሰሞን በቆሎው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ እርሻ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀርቶ ነበር። የማቴዎስ ጓደኞች ተራ በተራ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዱ ነበር፤ የእርሱም ልብ ተነሥቶ ነበር። ግን ጓደኞቹ የሌላቸው ነገር ነበረው፤ ብላቴ ወንዝ ውስጥ ያደገ ዋናተኛ ነው። ሰው መጥረቢያው ወንዝ ሲገባበት ማቴዎስን ይጠራል፤ እርሱም ጠልቆ፣ በእጁ ዳብሶ ያወጣል። አባያም እየሞላ የዳር ዛፎቹን ስለዋጠ የዓሣ አጥማጆች መረብ ውኃ ውስጥ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ውኃው የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል፤ ዓይን አይሠራበትም። ጠልቆ መረብ የሚያላቅቅ ሰው እዚያ እንጀራ አለው።

“የራሴ ጀልባ ካለኝ እቀራለሁ” አለ ማቴዎስ አንድ ቀን፣ ስኳር ድንች እየላጠ። ከሳምንት በኋላ አባዬ፣ ጋሽ አንጁሎ ከሚባሉ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ ከኖሩ ሽማግሌ አሮጌ ጀልባቸውን ገዝቶ በአይሱዙ አመጣት።

እናቴ ጀልባዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት። “ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው” አለች። “ደግሞስ አዞው?”

“ዳጣ በልቶ ያደገን ሰው አዞ አይደፍርም፣ እማ” አላት ማቴዎስ። “አፉን ያቃጥለዋል።”

ጀልባዋ በጋውን ሙሉ ግቢያችን ተደፍታ ከረመች። አባዬ የተሰበሩትን የጎን ቋሚዎች ቀየረ፤ የበሰበሰውን ሳንቃ አውጥቶ በአዲስ ተካ። የሁምቦ ፀሐይ ግን ሥራውን አላቆመም። በሳንቃና በሳንቃ መሐል ያለው ክፍተት በየቀኑ እየሰፋ ሄደ። አባዬ የጀልባዋ እርጅና ነው ብሎ አሰበ። ለእርሱ ጥሩ በር ማለት ተዘግቶ ብርሃን የማያስገባ ነው፤ ጀልባዋንም በዚያው መዘናት።

እኛን ከሥሯ ያስገባን ለዚህ ነበር። “ብርሃን ያየ ይናገር” ይለናል። ስንገባ መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ የድሮ ዓሣና የሞቀ እንጨት ይሸታል። ዓይናችን ሲለምድ በቀትር ሰማይ ሙሉ ኮከብ እናያለን። “ጋሼ፣ እዚህ ኮከብ!” ይጮኻል አንዱ፤ በጣቱም ሳንቃውን ያንኳኳል። አባዬ ከውጭ ድምፁን ተከትሎ አክስቴ ከሶዶ ዙሪያ ያመጣችውን የእንሰት ቃጫ ገምዶ፣ በመሮና በመዶሻ እየመታ ክፍተቱ ውስጥ ይወትፋል። ከዚያ ትኩስ ሬንጅ ይቀባዋል። ኮከቡ ይጠፋል። ሌላ እንፈልጋለን።

ኮከብ ሲያልቅብን እግር እንጠብቃለን። በጀልባዋ ከንፈርና በመሬቱ መሐል ባለው ቀዳዳ የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ይታያል፤ የማን እንደሆነ ቀድሞ ያወቀ ያሸንፋል። አሸናፊዋ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ውኃ የሚያመላልሰው ባለጋሪ በደጃችን ባለፈ ቁጥር አባዬን ሳይነካ አይሄድም። “ኖኅ፣ ዝናቡ መቼ ነው? ቀኑን ንገረንና በቆሎ እንዝራ።”

“ለአህያህ ቦታ ይዤላታለሁ” ይለዋል አባዬ፣ ቀና ሳይል። “ላንተ የለም።”

አንድ ቀን ከሰዓት የመጨረሻዋ ኮከብ ጠፋች። ጨለማው ከመሙላቱ የተነሣ አጠገቤ የተጋደመውን ልጅ እንኳ ማየት አልቻልኩም። “ጨለመ?” አለ አባዬ ከውጭ። “ጨለመ!” አልን ሁላችንም። ጀልባዋን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርጋት ሰማሁ፤ ጥሩ ላም የሸጡለት ይመስል።

ሐይቁ ዳር ስናደርሳት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጸለዩላት። ገፍተው ሲያስገቧት ተንሳፈፈች። አባዬ ውስጧ ገብቶ ወለሏን በመዳፉ ዳበሰና መዳፉን ወደ እኛ ዘረጋ። ደረቅ ነበር። ማቴዎስ ጥቂት ቀዘፈ፤ ከውኃው የደረቀ የግራር ጫፍ ብቅ ያለበት ቦታ ደረሰና ዘለለ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ብቅ ሲል በአንድ እጁ መረብ ይዞ ነበር፤ መረቡ ውስጥ አንድ ትልቅ አምባዛ ይንፈራገጣል። ወንድሜን እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

እርሱ እዚያው ቀረ፤ እኛ ተመለስን። ሳምንት ሳይሞላ መቅዘፊያዎቹን ብቻ ተሸክሞ ከሚኒባስ ወረደ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ “ነዳጅ ስናጣ እንጠራሃለን!” ይለው ነበር። ማቴዎስ ዞሮ አላየውም። መቅዘፊያዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ውኃ ጠየቀ፤ ጠጣ። “ፈነዳች” አለ።

አባዬ ሄዶ በአይሱዙ መልሶ አመጣት። ሚስማሮቿ ተነቅለው ነበር፤ አዲሶቹ ቋሚዎች ተሰንጥቀዋል፤ ሳንቃዎቿ ተገፋፍተው ወጥተዋል። ለማውረድ ሊያግዙ አብረው የመጡት ጋሽ አንጁሎ በጥፍራቸው ቃጫውን ጎርጎር አደረጉት።

“ይቺ በጋውን የት ነበረች?”

“እዚሁ” አለ አባዬ።

“እዚህ ፀሐይ ላይ? ውኃ ሳትቀምስ?”

“ደርቃ ተከፋፍታ ነበር። ደፈንኳት።”

ሽማግሌው ከጀልባዋ ቀና አሉ። “የደረቀ እንጨት ውኃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ ይወፍራል። ሐይቁ ዳር ውኃ ሞልተውባት ቢተዉአት ራሷ ትዘጋ ነበር። ስትወፍር የምትገባበት ቦታ አልተዉላትም፣ አናጢው።” ከዚያ የአባዬን ፊት አዩና “እኔም አልነገርኩዎትም” አሉ። “ይሄ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።”

አባዬ በማግስቱ ቃጫውን ማውጣት ጀመረ። “ቆይ፣ አስተካክላታለሁ” ይለዋል ማቴዎስን። ማቴዎስ “እሺ” ይላል። አባዬ ሳንቃዎቹን መልሶ መታ፤ ቋሚዎቹን ቀየረ፤ ክፍተቶቹን ክፍት ተዋቸው። እኛን ግን አልጠራንም። በአንድ የገበያ ቀን ሳልጠራ ብቻዬን ገባሁ። ኮከቦቹ ሁሉ ተመልሰው ነበር። እግር ሲመጣ አየሁ፤ አዲስ ሸራ ጫማ። አጠገቤ ቆመ። ጎንበስ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አልጎነበሰም። ጫማው አዲስ ቢሆንም አረማመዱን አውቄው ነበር፤ የማን እንደሆነ ጮክ ብዬ የምነግረው ግን ሰው አልነበረም። እግሮቹ ወደ ሚኒባሱ መቆሚያ ሄዱ። እናቴ ስለ ውኃ ያለችውን ሳስብ ትንሽ ይገርመኛል፤ ወንድሜን የወሰደው ውኃ አልነበረም።

ማቴዎስ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ዛሬ እዚያ አገር ትንሽ ሱቅ አለው። እሑድ እሑድ ይደውላል። ስለ ብርዱ ያወራል፤ እኔ ስለ ሙቀቱ። ባለፈው እሑድ “ጀልባዋ አለች?” አለኝ።

“አለች። ከብቶቹ ይጠጡባታል።”

“ታፈሳለች?”

“መጀመሪያ ክረምት ላይ አፍስሳ ነበር። አሁን አታፈስም።”

“ምንም?”

“ምንም።”

“እህ” አለ። ካርዱ አለቀ ወይም ዘጋው፤ መልሼ አልደወልኩም።

ያኔ አንዲት ጠብታ ብርሃን ስናይ ሰፈሩ እስኪሰማ እንጮህ ነበር። አሁን ተበላ ስሄድ ጀልባዋ ቀና ብላ፣ የዝናብ ውኃ ተሸክማ፣ ሰማዩን ይዛ አገኛታለሁ፤ ላሟ አፏን ስትነክር ሰማዩ ይበታተናል፤ ስትጨርስ ይመለሳል። አየዋለሁ እንጂ የምጮኸው ነገር አይመጣልኝም። አባዬ በምርኩዙ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ሆድ ከሥር ይዳብስና መዳፉን ይዘረጋልኛል። ደረቅ ነው። “ደረቅ ነው፣ አባዬ” እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ የሶዶው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቦርሳዬን አነሣለሁ።