ፊት ለፊት የተማረው ዝማሜ

የጉተማ መርዳሳ የክርስትና ስም ገብረወልድ ነበር፤ ግን ከቄሱ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው አልነበረም። አዳማ ባቡር ጣቢያ አብረውት ጨው የሚያወርዱት ባልንጀሮቹ ጉተማ ይሉታል። እናቱም ጉተማ ትለዋለች። አቋቋም ያስተማሩት የኔታ ሐዲስም በየማለዳው የሚቀበሉት በዚሁ ስም ነበር።

«ጉተማ ነህ?»

«ነኝ፣ የኔታ።»

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጠየቅ እንዲህ መልሷል። የኔታ ከእሱ ሌላ ተማሪ አልነበራቸውም። በዚያ ሰዓት ወደዚያ ግቢ የሚመጣ ሌላ ሰው አለመኖሩን እያወቁ ለምን እንደሚጠይቁት አንድ ቀን እንኳ አስቦበት አያውቅም። የሽማግሌ ልማድ መስሎት ነበር።

ያን ጊዜ አዳማ ሐዲዱና ጣቢያው፣ ጥቂት የግሪክና የአረብ ሱቆች፣ የቆርቆሮ መጋዘኖችና ብዙ አቧራ ነበረች። ከጣቢያው በላይ ጉብታው ላይ አንዲት ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የኔታ ሐዲስ ከቡልጋ ከባለቤታቸው ከእትዬ አበዛሽ ጋር ሲመጡ፣ ሰበካው ከግቢው ጥግ ጎጆ ሰጣቸው፤ የእህል ድርጎም ቆረጠላቸው። ውሉ አንድ ነበር፤ አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ የሚታጀበውን የደብተራ ዜማ፣ እንዲያስተምሩ።

ጉተማ ዜማውን በልጅነቱ ከቄሱ ተምሮ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ለመስቀል፣ ከሥራ ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ሲያልፍ፣ አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ሲያዜሙ አየ። መቋሚያው ወደ አንድ ጎን ቀስ ብሎ ያዘነብላል፤ ሰውነታቸው ይከተለዋል፤ ጉልበታቸው በትንሹ ይታጠፋል፤ ከዚያ የመቋሚያው ጫፍ ድንጋዩን መታ ያደርግና ሁሉም ወደ ሌላው ጎን ይመለሳል። የጉተማ ትከሻ ከጆንያ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በራቸው ላይ ቆመ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት።

«ያንን ነገር፣ የኔታ። ትናንት ያደረጉትን።»

«ያ ነገር ዝማሜ ይባላል» አሉና ሳቁ። «ና እንግዲህ። ፊት ለፊቴ ቁም።»

የሚማሩበት ቦታ አይለወጥም ነበር። በግቢው መሐል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የኔታ እሱ ላይ ይቆማሉ። በአንድ ወገን ትልቁ ዋርካ፣ በሌላው ወገን የድንጋይ ደወሉ ተሰቅሏል። የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ዋርካው ሲያዘነብሉ ጉተማም ወደ ዋርካው ያዘነብላል። እሳቸው ወደ ደወሉ ሲመለሱ እሱም ወደ ደወሉ ይመለሳል። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡታል። «ዘገየህ» ይላሉ፤ «ጉልበትህን አላጠፍክም፤ ምትህ ነገረኝ» ይላሉ። እውነትም ጉልበቱን ሳያጥፍ ቀርቶ ይሆናል።

ሁለቱ በበዓል ቀን በምእመናኑ ፊት ሲቆሙ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡት ነበር። ደብሩ ሌላ ደብተራ ስላልነበረው አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ረድፍ ሆነው ነበር የሚቆሙት። አዋሽ ዳር የቆመ ሰውና ውኃው ላይ ያረፈ ምስሉ ይመስሉ ነበር። በአዳማ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ስላልነበረ፣ እንከን አለበት የሚል ሰውም አልነበረም።

ሰው የሚቀልድባቸው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌላው ባል ከሚስቱ ቀድሞ ሲሄድ የኔታ ሁልጊዜ ከእትዬ አበዛሽ ነጭ ነጠላ ኋላ ሁለት እርምጃ ቀርተው ይሄዳሉ።

«የኔታህ እኮ ሚስት ነው የሚፈሩት» ይለው ነበር ሰንበታ፣ የጣቢያው ጓደኛው። «ዘወር በል ስትላቸው ዘወር፣ ቁም ስትላቸው ቁም።»

«ቢያከብሯትስ?»

«ይኼ ማክበር አይደለም፤ ነድታ ነው የምታስኬዳቸው!»

በ1920 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከሞጆ መልእክት መጣ። የዚያ አገር ደብር የጽዮንን በዓል ሊያከብር ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብተራዎች በባቡር ይመጣሉ፤ የኔታ ሐዲስ ከነተማሪያቸው ቢገኙ ደስ ይለናል የሚል ነበር። የኔታ ጉልበቴን ያመኛል አሉ።

«ብቻህን ሂድ» አሉት። «ለእኔ ክብር የሚሆነው አንተ በረድፉ ውስጥ ስትቆም ነው። ያን ጊዜ ሐዲስ አስተማረ ይባላል።»

ጉተማና ሰንበታ በጭነቱ ባቡር፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ጉተማ አዲስ መቋሚያ ይዞ ነበር፤ በእጅ ሥራው የታወቀ የየረር ሰው የሠራለት። መንገዱን ሙሉ ጉልበቱ ላይ አስተኝቶት ሄደ።

ቅዳሴው አልቆ ታቦቱ ሲወጣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። የሞጆና የአካባቢው ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። ጉተማን በቀኙ ረድፍ አስገቡት። ከእሱ በስተግራ፣ በዚያው ረድፍ፣ የደብሩ መሪጌታ ደገፋ ቆመዋል፤ በእድሜ የገፉ፣ ጥምጥማቸው እንደ በረዶ የነጣ ሰው። በስተቀኙ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት አለ።

ዜማው ተጀመረ። ሃያ መቋሚያ በአንድነት ወደ ቀኝ አዘነበለ። የጉተማ ብቻ ወደ ግራ።

ትከሻው ከመሪጌታ ደገፋ ትከሻ ጋር ተጋጨ፤ የመቋሚያው ራስ ጥምጥማቸው ውስጥ ገባ። ጥምጥሙ ተፈታ፤ ክንድ ክንድ እያለ ወርዶ አቧራው ላይ ተዘረጋ። የመሪጌታው የተላጨ ራስ በፀሐዩ አብለጨለጨ።

ለጉተማ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ሃያው ሰው ሁሉ ተሳስቷል የሚል ነበር። ይህን እያሰበ ሰውነቱ ራሱ ቀጠለ። ሃያው ወደ ግራ ሲመለስ እሱ ወደ ቀኝ ተመለሰና የአዲስ አበባውን ወጣት በክርኑ ደረቱን መታው። ወጣቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እልልታው ተቆረጠ። ከዚያ ዜማው ቆመ። በበዓል ቀን፣ ታቦት ወጥቶ፣ ዜማ ሲቆም ጉተማ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም።

«ይኼን ደግሞ ማን ጠራው? ሊደባደብ ነው የመጣው?» አለ አንዱ።

«መስታወት ነው ያስተማረው!» አለ የተመታው ወጣት ደረቱን እያሻሸ፤ ሰው ሳቀ።

ጉተማ አልሰማም። እጁን ያያል። መቋሚያውን ያያል። የገዛ እጁ ያልታዘዘውን ነገር ሲሠራ የያዘው ሰው ይመስል ነበር።

መሪጌታ ደገፋ ጥምጥማቸውን አንስተው አራገፉና ማንንም ሳይቆጡ «ቀጥሉ» አሉ። ጉተማን በክንዱ ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ ጥላ ወሰዱት።

«እስቲ ብቻህን አሳየኝ።»

እየፈራ ጀመረ፤ ግን ምቱ ሲገባለት ፍርሃቱ ለቀቀው። መሪጌታው ጥቂት አዩና ፊት ለፊቱ ቆመው አብረውት ያዘነብሉ ጀመር። እሳቸው ወደ ቀኛቸው፣ እሱ አብሯቸው። እሳቸው ወደ ግራቸው፣ እሱ አብሯቸው። አንዲት ፀጉር ያህል አልተዛነፈም። መሪጌታው በድንገት ቆሙ።

«ምትህ ልክ ነው። አካሄድህ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ዝማሜ ካየሁ ዘመን የለኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ሁሉም የተገለበጠ ነው። ከየኔታህ ፊት ለፊት ቆመህ ነው የተማርከው?»

«አዎ።»

«እሳቸው ወደ ቀኛቸው ሲያዘነብሉ አንተ ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ዋርካው።»

«ዋርካው ለእሳቸው ቀኝ ከሆነ፣ ለአንተ ምንህ ነው?»

ጉተማ ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ ከድንጋዩ ፊት ለፊት ቆመ። ዋርካውን ፈለገው። አገኘው።

«ግራዬ» አለ።

«ይኼ የመጀመሪያ ቀን ስሕተት ነው። ሁሉም ጀማሪ ይሳሳተዋል። መምህሩ ያያል፤ ትከሻውን በመቋሚያ ነካ አድርጎ ያዞረዋል፤ ያበቃል። አንተ ግን ስንት ዓመትህ ነው?»

«አራት።»

መሪጌታው ጠጋ አሉት። «ልጄ፣ የኔታህ ያያሉ?»

«ጉተማ ነህ?» የሚለው ድምፅ መጣበት። የእትዬ አበዛሽ ነጭ ነጠላ መጣበት። ከድንጋዩ ላይ የማይወርዱት እግሮች፣ «መጽሐፉ ልቤ ውስጥ ነው» እያሉ አንድም ቀን ያልገለጡት መጽሐፍ፣ ሁልጊዜ የሚደፋው አንገት። አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ፊት ቆሞ፣ ፊቱን ሳያየው ቆይቷል።

«ያያሉ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሪጌታ። ግራኝ ነኝ። በየቀኑ ይቆጡኛል፤ ሰውነቴ እምቢ ብሎኝ ነው።»

መሪጌታ ደገፋ መቋሚያውን ወደ ያዘው ቀኝ እጁ አዩ።

«የማያይ ሰው ዜማ ቢያስተምር እጁን እስማለሁ። ቅኔም ቢዘርፍ። አቋቋም ግን በዓይን ነው የሚታረመው። ሰበካው ይኼን ቢሰማ ጎጆውን ለሌላ መምህር ይሰጣል፤ እኔም አውቄ ዝም ማለት አልችልም። ለጥምቀት ተመልሰህ ና። ቀንተህ ከመጣህ ግራኝ ነበር፣ ታረመ እላለሁ። ካልቀናህ አዳማ ወርጄ ራሴ አያቸዋለሁ።»

ለጥምቀት የቀረው ሃምሳ ቀን ነበር።

ሲመለሱ ሰንበታ ሊያጽናናው ሞከረ። «አይዞህ፤ እኔስ ደስ አለኝ። የመሪጌታን ራስ ያየ ስንት ሰው አለ?»

በማግስቱ ጉተማ እንደ ወትሮው ጎሕ ሲቀድ ደረሰ። እትዬ አበዛሽ ጎጆው በር ላይ ስንዴ ያበጥራሉ።

«ጉተማ ነህ?» አሉ የኔታ ከድንጋዩ ላይ።

«ነኝ፣ የኔታ።»

«እንዴት ነበር ሞጆ?»

«እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ እንጀምር።»

የኔታ ጀመሩ። ጉተማ አፉን ከፍቶ አዜመ፤ የመቋሚያውን ጫፍ በምት በምቱ መሬት ላይ መታ፤ ሌላ ግን ምንም አላደረገም። አላዘነበለም። ጉልበቱን አላጠፈም። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የኔታ ወደ ዋርካው ሄዱ፣ ወደ ደወሉ ተመለሱ፣ ወደ ዋርካው ሄዱ። ጉተማ በልቡ «ይቆጡኝ፤ አሁን ይቆጡኝ» ይል ነበር። ዜማው አለቀ።

የኔታ ፈገግ አሉ።

«አሁን ገና ሰውነትህ ተፈታ» አሉት። «እንዲህ ነው ዝማሜ።»

ሰፌዱ ወደቀ። እትዬ አበዛሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሁሉንም አይተውታል። ወደ ጉተማ ተመለከቱና ራሳቸውን ብቻ፣ በጣም በቀስታ ነቀነቁ፤ አትንገራቸው ማለታቸው ነበር። ስንዴው መሬት ላይ ተበትኗል። ዶሮዎቹ እየሮጡ መጡ።

ጉተማ ድንጋዩ ላይ ወጣ። በአራት ዓመት ውስጥ እግሩን አሳርፎበት አያውቅም።

«የኔታ፣ ዛሬ ከጎንዎ ልቁም።»

የኔታ ፊታቸው ጠነከረ። «ለምን ከጎኔ?»

«ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ።»

ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። የኔታ ግን ብርሃኑን ከጨለማው በቆዳቸው ስለሚለዩ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ሙቀቷን ፈለጉ። አጡት። ከዚያ እጃቸው ተዘርግቶ የጉተማን ትከሻ አገኘ፤ ከትከሻው ወደ ክንዱ ወረደ፤ መቋሚያውን የያዘውን ጣት ዳሰሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተሳሳትነው?» አሉ ድምፃቸው ተለውጦ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ የኔታ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከጣቱ ላይ አነሱ። እንባ የለም፤ ቁጣም የለም። በእንቅልፍ ልቡ ከአልጋ ወድቆ የነቃ ሰው የሚኖረው ዓይነት ፊት ነበራቸው።

«እኔ እኮ ድምፅህን ሰምቼ ደርሷል እል ነበር» አሉ። «አበዛሽ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ አበዛሽ ከበሩ።

«ሞጆ ላይ ምን ብለህ መለስክ?»

«ግራኝ ነኝ አልኩ።»

የኔታ ከሆዳቸው የወጣ አንድ አጭር ሳቅ ሳቁ፤ ወዲያው አፈኑት። ከዚያ በድንጋዩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ለእሱ ቦታ ለቀቁ።

«ትከሻህን ከትከሻዬ አስጠጋ። ሳዘነብል ተጠግተኸኝ አዘንብል። ከተጋጨን ተሳስተሃል ማለት ነው። ዓይን አያስፈልገንም።»

ጀመሩ። የመጀመሪያው ላይ ተጋጩ። ሁለተኛውም ላይ። የጉተማ ሰውነት አራት ዓመት የለመደውን ጎን እየመረጠ አስቸገረው፤ የሽማግሌው ትከሻ እንደ ግድግዳ እየመለሰው ሃምሳውን ቀን ተማሩ።

ለጥምቀት ጉተማ ሞጆ ውኃው ዳር በቀኙ ረድፍ ቆመ። መሪጌታ ደገፋ ይህን ጊዜ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ነበር የጀመሩት። ሃያ አንድ መቋሚያ ወደ ቀኝ አዘነበለ። የጉተማ ከሌሎቹ ጥቂት ዘግይቶ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆም ብሎ፣ ግን ወደ ቀኝ። መሪጌታው እጃቸውን ከጥምጥማቸው ላይ አወረዱ።

የኔታ ሐዲስ በጎጆአቸው እንዳሉ በ1924 ዓ.ም. አረፉ። ጉተማ በዚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪዎቹን ሁሉ ከጎኑ እንጂ ፊት ለፊቱ አያቆምም። እነሱም ከመጀመሪያው ማዘንበል በፊት እንደሱ አንድ ትንፋሽ ቆም ይላሉ። የሥርዓቱ ክፍል መስሏቸው ነው። ጉተማ ሊያርማቸው ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አላረማቸውም።