ያልተቀዳለት ሻይ

በሚኒስቴሩ የስብሰባ አዳራሽ ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ ከሽርጧ በላይ የወታደር ሹራብ ትለብሳለች። ሹራቡ የልጇ ነው፤ ልጇ ድንበር ላይ ነው፣ ከጎረቤት አገር ጋር የተጀመረው ድርድር ከሰመረ ይመለሳል ተብሏል። አለቃዋ "እማማ፣ ይህን እዚህ አይልበሱ" ሲላት፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን "ይበርደኛል ጌታዬ" ትላለች።

ዛሬ የጦር መሣሪያ ኩባንያው ሰው "ጎረቤታችን አይታመንም፤ ድርድሩን ተዉትና ሮኬቱን ግዙ" ሲል ሹማምንቱ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ሴትዮዋ ለሁሉም ቀድታ እሱን አለፈችው።

"እማማ፣ እኔን ረሱኝ እኮ" አለ እየሳቀ።

"አልረሳሁህም ልጄ። እኔ የምቀዳው ለእንግዳ ነው። አንተማ የቤቱ ባለቤት ሆነሃል፤ ተነሥተህ ቅዳ።"

አለቃዋ አፈጠጠባት። በአንድ ፊርማ ሊያባርራት እንደሚችል ታውቃለች። ፔርሙሱን ሰውየው ፊት አስቀምጣ፣ የሹራቧን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ፣ እስኪነሣ ትጠብቀው ጀመር።