ለሰው ተራ የጮህኩበት ጠዋት

አምና በፍልሰታ ጾም የሆነ ነው። ጥፋት ይሁን ጽድቅ ስላልለየልኝ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም።

በስደት ባለንበት ዐረብ አገር፣ ልጄ ስንዱ ሞሃንዲሲን የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እርጉዝ ሆና በሰባት ወሯ አንድ ጠዋት ምጥ ያዛትና ሀረም ሰፈር ከምንኖርበት ቤት በታክሲ ሆስፒታል አደረስኳት። ሐኪሙ ምጡን ለማዘግየት እሞክራለሁ አለን። ልጁ ቀድሞ ከመጣ ሳንባውም አንጀቱም ጥሬ ነው፤ እናትየው የምትወጋው መርፌ ግን ገና ሆዷ ውስጥ እያለ ያበስልለታል።

"ሁለት መርፌ ነው፤ በመካከሉ አንድ ቀን። ቶሎ ይጀመር" አለ።

ኮሪደሩ ላይ ከእኛ በፊት የደረሰች ሐዋ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች። የእሷም ሰባት ወር ነው፤ ያንኑ መርፌ ትጠብቃለች። ፌስታሏን ወንበሩ ላይ ትታ ሽንት ቤት እንደገባች ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣችና ስንዱን "ነይ" አለቻት።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። እዚያ ጀሪካኗ የተሰለፈላት ሴት ራሷ እንደቆመች ነው የምትቆጠረው።

"ፌስታሏ አለ! ተራው የሷ ነው!" ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ያ ሃጋ፣ አንቺ እናት፣ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ነሽ እንዴ?" አለች ነርሷ።

"ዳይሬክተር ባልሆንም ተራ አውቃለሁ።"

"እማዬ፣ በእመቤቴ ተይ" አለች ስንዱ።

አልተውኩም። ሐዋ ሆዷን ይዛ መጣች፤ ተወጋች።

"ኸላስ፣ አለቀ፤ የመጨረሻው ነበር። የእናንተን ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ" አለችን ነርሷ።

ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። ስንዱ የተወጋችው ከቀትር በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሁለተኛው መርፌ ሳይደርስ ወለደች። ወንድ ነበር። መተንፈሱን ተነፈሰ፤ አንጀቱ ግን የእናቱን ወተት አልቀበል አለ። ሆዱ ተነፋ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሐኪሙን ያዝኩት። "ጠዋት ብትወጋ ይተርፍ ነበር?"

"ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ የጥቂት ሰዓት ነገር አይመስለኝም" አለ።

"አይመስለኝም ነው ወይስ አይደለም?"

ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ።

ከወራት በኋላ ሐዋን ገበያ አገኘናት። ልጇን አዝላለች፤ ወፍሯል። አውርዳ ለስንዱ ሰጠቻት። ስንዱ ትንሽ አቀፈችውና መለሰችላት። እኔ አላለቀስኩም። እስካሁንም እንባው አልመጣልኝም።

ተራው የሐዋ ነበር። ዛሬም ማንም ቢጠይቀኝ የሐዋ ነበር እላለሁ። ስንዱ ባለችበት ግን አልለውም።